የሰኞና የሐሙስ ተራ

አናጢው ኩላሊቱ እምቢ ካለው ወዲህ ዋናው ከተማ ውስጥ አሥረኛ ወሩን ይዟል። ደም የሚያጥበው መሣሪያ ያለው እዚያ ብቻ ነው፤ ከቤቱ የሁለት ቀን መንገድ። ሰኞና ሐሙስ አራት አራት ሰዓት ከመሣሪያው ጋር ታስሮ ይውላል። በቀረው ቀን፣ ዘበኛ የሆነው ታናሽ ወንድሙ በተከራያት አንዲት ክፍል፣ ከበሩ ኋላ በተነጠፈች ፍራሽ ላይ ይጋደማል። የወንድሙ ሚስት ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር እግሩን መሰብሰብ አለበት፤ ይኸው መሰብሰብ ነው ያንገሸገሸው።

አንድ እሑድ ሚስቱ ደወለች።

«ሰማህ? የእኛም ሆስፒታል ተመረቀ። ሪባኑን ሲቆርጡ በዓይኔ አየሁ። ‹የኩላሊት እጥበት› ብለው በሩ ላይ ጽፈዋል።»

«መሣሪያውስ?»

«አስገብተውታል ይላሉ። ና በቃ፤ ልጆቹ መልክህን ረሱት።»

ሰኞ ከታጠበ በኋላ ለነርሷ ነገራት። ነርሷ እጇን ከመዝገቡ ላይ አላነሳችም።

«ተራህን ከለቀቅክ ያው የለህም። ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ታውቃለህ።»

«አገሬ ከገባልኝ እዚህ ምን እጎለታለሁ፣ ሲስተር? ለሌላው ይሁን» አላት፤ ከልቡ ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ተሳፈረ። አስፋልቱ እኩል መንገድ ላይ ጥሏቸው ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ አቧራና ጉድጓድ ነው። ረቡዕ ምሽት ደርሶ ልጆቹን እንዳቀፈ ተኛ።

ሐሙስ ጠዋት ከሚስቱ ጋር ሆስፒታል ሄዱ። ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። አንድ ወጣት ሐኪም ተቀብሏቸው ክፍሉን ከፈተላቸው። ሦስት መሣሪያዎች ካርቶናቸው ሳይፈታ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

«ማን ይምጡ አለዎት፣ ጋሼ?» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «ውሃ የምንቀዳው በጄሪካን ነው፤ ይኼ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ በርሜል ሙሉ የተጣራ ውሃ ይፈልጋል። መብራት በቀን ሦስት ሰዓት ብትመጣ ነው። ባለሙያም አልተመደበልንም።»

«መቼ ይመደባል?»

ሐኪሙ ጫማውን አየ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔም ዝውውር ጠይቄያለሁ። ሳይውሉ ሳያድሩ ይመለሱ።»

ደጅ ሲወጡ ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። «እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁህ።»

«ሪባኑንማ ቆርጠዋል» አላት። «አልዋሸሽም።»

ዓርብ ተሳፍሮ ቅዳሜ ማታ ሲደርስ እግሩ ጫማ አልገባ ብሎት ነበር። ትንፋሹም አጠረ። ሰኞ ጠዋት እጥበቱ ክፍል ሲገባ ወንበሩ ላይ አንዲት ልጃገረድ ተቀምጣለች፤ እሷም ከሩቅ አገር የመጣች ናት። ነርሷ አየችውና አልተቆጣችም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ኮሪደሩ ላይ ጠብቅ። የሚቀር ሰው ካለ አስገባሃለሁ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል፤ ሰው ገብቶ ሲያይ መልሶ ያቀረቅራል፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ ያፍራል። እዚያ ቤት ቀረ ማለት ባብዛኛው ሞተ ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ስምንት ሰዓት ላይ ነርሷ ጠራችው። ያስቀመጠችው ከድሮ ቦታው ጎን ባለው ወንበር ላይ ነው፤ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩለት ይውሉ የነበሩት ጡረተኛ መምህር ወንበር። መርፌው ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በወሩ ሚስቱ የእንጨት ሥራ ቤቱን ዘግታ ልጆቹን ይዛ መጣች። ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ተከራዩ።