ሳላ የምናይበት ቅዳሜ

የአባቴ ዓይን ሊጠፋ ነው። ሐኪሙ ይህን የነገረን በሚያዝያ ነበር። ግላኮማው የግራውን ጨርሶታል፤ ከቀኙ የቀረው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ያህል ነው፤ እሱም ቢበዛ እስከ ክረምት። እኔ ከአጠገቡ ተቀምጬ "እሺ" አልኩ። መካኒሳ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ስለምሠራ እንዲህ ያለው ወሬ አዲሴ አይደለም። ግን በሥራዬ አላሳብብም፤ ድሮ ያስደነግጠኝ ነበር። እናቴ ገዲሴ የዛሬ ዓመት ከሞተች ወዲህ ምንም ነገር አይሰማኝም። በእሷ ለቅሶ ላይ እንኳ አላለቀስኩም። የሰፈራችን የሀና ማርያም ሴቶች "ደረቅ" ብለው አሙኝ። ልክ ናቸው።

ከሐኪሙ ዘንድ ስንወጣ አባቴ ክንዴን ይዞ "እንግዲህ ያንን ሳላ ሁለተኛ አላየውም ማለት ነው" አለ።

የሳላው ነገር እንዲህ ነው። አባቴ ጉተማ ዕድሜውን በሙሉ ገበሬ ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ላይ ጤፍ ዘርቶ አጭዷል። በጉርምስናው ግን ለአንድ ዓመት ከቤት ጠፍቶ ድሬዳዋ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ነበር። ያኔ አዋሽ ሜዳ ላይ ሳላ የሚሉት የዱር እንስሳ ከመኪናው ጎን ለጎን ሲሮጥ አየ። ቀንዶቹ ረጃጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ። ይህን ለእናቴ አርባ ዓመት ሙሉ አወራላት፤ እሷም አርባ ዓመት ሙሉ "ፈረስ ላይ ቀንድ ተክለህ ልታሞኘኝ ነው" እያለች ሳቀችበት። "ወስጄ አሳይሻለሁ" ሲላት ሲላት ሞተች።

ስለዚህ አዋሽ ፓርክ ልወስደው ወሰንኩ። ደግነት አይምሰላችሁ። ለሌላው ነገር ሁሉ ጊዜው ስላለፈ፣ የቀረው ይህ ብቻ ስለሆነ ነው።

ጎህ ሳይቀድ ከወጡ አዋሽ ደርሶ መመለስ በአንድ ቀን ይቻላል። የአጎቴ ልጅ ኢሉ አሮጌ ፒካፕ አለው፤ እሱ ሊነዳ ተስማማ። "እዚያ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አልነበር እንዴ የከረመው?" አለኝ። ረግቷል አልኩት። ባይረጋም የምቀር አልመሰለኝም። ኢሉ መኪናውን ጎፋ ወስዶ ጎማውን አስፈተሸ። እኔ ደግሞ በካርድ ወረቀት ጀርባ ላይ ዝርዝር ጻፍኩ፦ መታወቂያ፣ ውሃ፣ የዓይን ጠብታ፣ ኮፍያ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል። አንዱን በጨረስኩ ቁጥር የራይት ምልክት አደርጋለሁ። ያን ሰሞን ራይት ከማድረግ ሌላ ደስ የሚለኝ ነገር አልነበረም።

የመጨረሻው መስመር "ቁልፍ ለእስጢፋኖስ" ይላል።

አባቴ የዕድራችን ንብረት ያዥ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹ፣ ትልልቆቹ ድስቶች የሚቀመጡበት የቆርቆሮ ቤት ቁልፍ በክር ታስሮ ሃያ ሁለት ዓመት ከአንገቱ አልወረደም። ሰው መቼ እንደሚሞት ስለማይታወቅ፣ አዳማ ለሠርግ ሲሄድ እንኳ ቁልፉን ለምክትሉ ለእስጢፋኖስ ሳይሰጥ ከሰፈር አይወጣም። እስጢፋኖስ ጓደኛው ነው። እናቴ የሞተች ቀን ዝናብ እየወረደበት ድንኳኑን ብቻውን መትከል የጀመረው እሱ ነው።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ አባቴ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ። "በእጁ ስጪው፤ ለልጅ እንዳትሰጪ" አለ። ሄጄ የእስጢፋኖስን በር አንኳኳሁ። ውሻው ጮኸ እንጂ የሚከፍት አልነበረም። ያ ቤት ደግሞ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ጎረቤት መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። ጠዋት ስናልፍ እሰጠዋለሁ ብዬ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ራይት አደረግሁ። ማታ አባቴ "ሰጠሽው?" ሲለኝ ወረቀቱን አየሁት። ራይት አለ። "አዎ" አልኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ኢሉ ወደ ፈጣን መንገዱ የሚያወጣውን አቋራጭ ያዘ፤ በእስጢፋኖስ በር አላለፍንም። እኔም ትዝ አላለኝም።

መተሐራ ልንገባ ስንል፣ በሰቃ ሐይቅ ዳር፣ ጥቁሩ ድንጋይ መሐል ስልኬ ጮኸ። የዕድሩ ጸሐፊ ኤልያቄም ነው። ኤልያቄም በዕድር ስብሰባ ማይክ የማያስፈልገው ጯሂ ሰው ነው፤ ስልክ ላይም እንደዚያው ነው።

"አያንቱ፣ እስጢፋኖስ አረፈ! ትናንት ቀን ሐኪም ቤት ገብቶ ሌሊት አረፈ። ሬሳው እየመጣ ነው፣ ድንኳን የለንም። ቁልፉ የት ነው?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። የፓርኩ በር ሩብ ሰዓት ቢቀረው ነው። አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ያቺን የቀረችውን ዓይኑን መስኮቱ ላይ አስጠግቶ ሜዳውን ይፈትሻል።

"ስበሩት" አልኩ።

"ምን?"

"ጓጉንቸሩን ስበሩትና ግቡ። ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው? ዘጠኝ? እሺ፣ ዘጠኝ።"

ዘጋሁት። "ማነው?" አለ አባቴ።

"ከሥራ ነው።"

በመስታወት አየሁት፤ እጁ ቁልፉ ይንጠለጠልበት የነበረውን ቦታ ነክቶ ወረደ። ኢሉ ሁሉንም ሰምቷል፤ ዞር ብሎ አየኝና መንዳቱን ቀጠለ።

በሩ ላይ መታወቂያችንን አይተው አንድ ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት፣ አሳፈሩልን። ትንሽ እንደገባን ስካውቱ "ቁም" አለ። ቢጫው ሣር ውስጥ አምስት ሳላዎች ቆመው ነበር። አባቴን ደግፌ አወረድኩት። በመጀመሪያ አላገኛቸውም። ጭንቅላቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ዝቅ፣ ከፍ አደረገ፤ በቀዳዳ የሚያይ ሰው የግድ እንዲህ መፈለግ አለበት። በሆዴ "እባክህ አግኘው" አልኩ። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ጸሎቴ ነው።

"አየሁት" አለ። ጭንቅላቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ አየው። "ያው ነው። ቀንዱም ያው ነው። እናትሽ በከንቱ ውሸታም አድርጋኝ ሞተች።" ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። "በይ እንመለስ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ እንደርሳለን።"

"ሰምተሃል?"

"ኤልያቄም ሲያወራ አዳማም ይሰማል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ጓደኛህ አይደለም እንዴ?"

"ነው እንጂ።" እጄን ፈልጎ ያዘ። "እናትሽ ከሞተች ወዲህ አንድ ነገር ስትፈልጊ አይቼሽ አላውቅም። 'ስበሩት' ስትይ ግን ድምፅሽ የድሮው ሆነ። ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ቁልፉን አምጪ።"

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ አንገቱ ላይ አጠለቀው። አዳማ ጋ ስንደርስ በነጠላው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሀና ማርያም ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልሞላም። ድንኳኑ ተተክሏል። ኤልያቄም የተሰበረውን ጓጉንቸር በእጁ ይዞ ከኮሚቴዎቹ ጋር በሩ ላይ ቆሟል። የዕድራችን ደንብ ግልጽ ነው፤ ቁልፍ ይዞ ከሰፈር የወጣ ንብረት ያዥ ይሻራል። "አባባ፣ የሰጠኸኝ እኮ..." ብዬ ልጀምር ስል ክንዴን ጨመቀኝ።

"እኔ ነኝ የረሳሁት" አለ ለኤልያቄም። "አርጅቻለሁ።" ክሩን በራሱ ላይ አውጥቶ፣ አሁን ምንም የማይከፍተውን ቁልፍ በሁለት እጁ አቀረበለት። ኤልያቄም ያ ሁሉ ድምፁ ጠፍቶበት ተቀበለው።

ወደ ሴቶቹ በኩል ገብቼ ተቀመጥኩ። ቀና ስል የድንኳኑ ጥግ ላይ አንድ የተጣፈ ቦታ አየሁ፤ ነጩ ሸራ ላይ በሰማያዊ ክር፣ ጠማማ ስፌት። የእናቴ ስፌት ነው። የንብረት ያዥ ሚስት ስለነበረች ድንኳኑ ሲቀደድ የምትሰፋው እሷ ነበረች፤ ነጭ ክር ለመግዛት መሄድ ስለሚሰለቻት ባገኘችው ክር ትሰፋለች። በእሷ ለቅሶም ከዚህ ጥፍ ሥር ተቀምጬ ነበር፤ ያኔ ግን ቀና አላልኩም።

ጩኸቱ ከእኔ እንደወጣ ያወቅሁት ሴቶቹ ሲይዙኝ ነው። "እማዬ" አልኩ፣ ደጋግሜ። "እስጢፋኖስን እንዲህ ትወደው ኖሯል?" ተባባሉ። አላረምኳቸውም።

አባቴ ከወንዶቹ በኩል በሰው ተመርቶ መጣ። በድምፄ ለይቶኝ ነው የመጣው። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እጁን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ።

"አልቅሺ ልጄ" አለኝ። "ሬሳው ገና አልወጣም፤ ጊዜ አለሽ።"