ቁጥር ያልሆነው ውጤት

ስልኳ ሲጠራ ሩሐማ ኡራኤል አካባቢ ታክሲ ውስጥ ነበረች። ታክሲው ከቆመበት ንቅንቅ ካለ ሩብ ሰዓት አልፎታል።

«ሲስተሙ ወድቋል» አላት ኢያቄም። የቡድን መሪዋ ነው፤ ካዛንቺስ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ትንሹ ድርጅታቸው ለሆስፒታሎች ሶፍትዌር ይሠራል። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አምስቴ አስነሣሁት። ይነሣል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ለሐኪሞቹ አንድም የላብራቶሪ ውጤት አልደረሰም።»

«የት ጋ ነው የሚወድቀው?»

«አንቺ የጻፍሽው ጋ።»

«ወራጅ አለ!» ብላ ወረደች። እየተራመደችም እየሮጠችም ሄደች። ሊፍቱን መጠበቅ ስላልቻለች ደረጃውን ወጣችው።

ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ጥብቅ ነው። ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ ቁጥር ብቻ፣ ጽሑፍ የሚቀመጥበትም ጽሑፍ ብቻ እንዲይዝ አስቀድሞ ይነገረዋል። ከውጭ የሚመጣው ነገር ምን እንደሆነ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ለዚህ ባዶ ኢንተርፌስ የሚሉት መያዣ አለ፤ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ከዚያ ሲያወጣው ግን ፕሮግራመሩ «ውስጡ ያለው ቁጥር ነው» ብሎ ማስረገጥ አለበት። ቁጥር ሆኖ ካልተገኘ ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል። እንዳይወድቅ ከተፈለገ «ቁጥር ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መጠየቅና ሁለት መልስ መቀበል ይቻላል፤ አንዱ ዋጋው፣ ሌላው እውነት መሆን አለመሆኑ።

ሩሐማ ከሰባት ወር በፊት ያንን መስመር ስትጽፍ አልጠየቀችም። የሆስፒታሉ ማሽን ሁልጊዜ ቁጥር ነበር የሚልከው፤ እሷም ቸኩላ ነበር።

«በቃ፣ ሁለተኛውን መልስ ተቀብለሽ ዝም በዪው» አለ ኢያቄም ከኋላዋ ቆሞ። «አይወድቅም። ከምሳ በኋላ በደንብ ታስተካክዪዋለሽ።»

እንዳላት አደረገች። ሞከረችው። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ አልወደቀም። ወደ ሆስፒታሉ ልትልከው ስትል ዓይኗ መሞከሪያው ስክሪን ላይ አረፈ። ያ ሲጥለው የነበረው ውጤት አሁን በሰላም አልፏል። ናሙና 4417፣ የደም ስኳር፦ 0።

«ዜሮ?» አለች።

«ቁጥር ካልሆነ በባዶ ይመለሳላ። የቁጥር ባዶ ዜሮ ነው፣ ታውቂያለሽ።»

«ስኳሩ ዜሮ የሆነ ሰው አለ እንዴ?»

«አንድ ውጤት ነው፣ ሩሐማ! ሁለት መቶ ሰው ውጤት እየጠበቀ ነው። ላኪው!»

 ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። አነሣችውና ሀምዲያ ጋ ደወለች። ሀምዲያ የሆስፒታሉ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ሲስተሙ ሲተከል ጀምሮ ይተዋወቃሉ።

«ሀምዲያ፣ አዲስ ማሽን አስገብታችኋል?»

«ትናንት። ምነው?»

«ቁጥር ያልሆነ ነገር ይልካል? ማለቴ፣ የናሙና ቁጥር 4417ን እስቲ እዪልኝ።»

ሀምዲያ ናሙናውን ፈልጋ አየችው። «ይሄ ማሽን ከስድስት መቶ በላይ አይለካም። ካለፈ ቁጥር አይሰጥም፣ ‹ከፍተኛ› ብሎ ይጽፋል። ውጤቱ ሐኪሙ ጋ አልደረሰም እንዴ?»

«አልደረሰም።»

ስልኩ ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ የሚሮጥ እግር።

 ሩሐማ ዜሮውን ብትልከው ኖሮ ያየው ሰው የታማሚዋ ስኳር ወርዷል ብሎ ስኳር ይሰጣት ነበር። መስመሩን አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፦ ቁጥር ከሆነ ቁጥሩን፤ ጽሑፍ ከሆነ ጽሑፉን እንዳለ በቀይ፤ ሌላ ከሆነ ምንም ሳይጻፍ ላብራቶሪው እንዲጠራ። ሁለቴ ተሳሳተች፣ ሁለቴም አረመች። ኢያቄም ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ይመለሳል። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን መስመር አነበበ።

«አሁን ላኪው» አለ በቀስታ።

ውጤቶቹ መፍሰስ ጀመሩ። አምስት ሰዓት አካባቢ ሀምዲያ ደወለች። ታማሚዋ መምህርት ናት፤ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደግፋ ሲያዩዋት እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው ነበር፤ ራሷን ስታ ነው የተገኘችው።

«ነቃች?»

«ገና። ድንገተኛ ክፍል ነው ያለችው። ኢንሱሊን ጀምረውላታል።»

ሩሐማ ምሳ አልበላችም። ስልኳን ስትገለብጥ፣ ኮሪደሩን ስትመላለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ያኔ ከሀምዲያ አጭር መልእክት መጣ፦ «ነቅታለች። ስሟን ተናግራለች።»

ወደ ውስጥ ስትገባ ኢያቄም ለሆስፒታሉ ሪፖርት እየጻፈ ነበር። በትከሻው በኩል አነበበችው፦ «አዲሱ ማሽን ያልተጠበቀ መረጃ በመላኩ…»

«እሱን አጥፋው» አለችው። «ማሽኑ ምንም አላጠፋም። መስመሩ የኔ ነው።»

«ሩሐማ፣ ውላችን የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው።»

«አውቃለሁ። ወይ ጻፈው፣ ወይ ልጻፈው።»

 ኢያቄም ኪቦርዱን ወደ እሷ አዞረው። «መስመሩን ያኔ አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። የሁለታችንንም ስም አስገቢ።»

ጻፈች፤ ላከች። ግን መቀመጥ አልቻለችም። ሳይጠየቅ «ቁጥር ነው» ተብሎ የታለፈ ሌላ ቦታ ይኖር እንደሆነ ኮዱን በሙሉ ፈተሸችው። ሃያ ሦስት ቦታ አገኘች። የመጀመሪያው የመድኃኒት መጠን የሚነበብበት ነበር።

ኢያቄም ጃኬቱን ወንበሩ ላይ መልሶ አንጠለጠለና አጠገቧ ተቀመጠ። «አንቺ ከላይ ጀምሪ» አላት፣ «እኔ ከታች።»