የጋሼ አሊዪ ሕመም

ሂዳያ የመጀመሪያውን ኢሜይል ስትልክ “ንጹህ የሸዋ ሮቢት ማሾ አለን” ብላ ከሥሩ ዋጋውን ጻፈችበት። የመለሰላት ሰው የለም። ማን ይፈርድባቸዋል? ዋጋ ተነግሮት ልቡ የሚሞቅ ሰው የት አለ?

አድራሻዎቹን የሰበሰበችው ራሷ ናት። የደሴ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ሲወርድ፣ የአጎቷን የጋሼ አሊዪን ማሾ የሚገዙትን አዲስ አበቤዎች እየጠየቀች ነው። የምትሠራው ኢንተርኔት ቤት ስለሆነ ኮምፒውተር አልቸገራትም። የቸገራት የምትጽፈው ነበር።

በሁለተኛው ኢሜይል ዋጋውን ትታ ስለ ሰውየው ጻፈች። ጋሼ አሊዪ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግደው በቀጥታ ማሳ ይወርዳሉ፤ የደረሰ ማሾ ፀሐይ ሲያገኘው ሽፋኑ እየፈነዳ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ ጤዛው ሳይደርቅ በእጅ ይለቅሙታል። ይህን ያነበቡ እትዬ ፍሬሕይወት የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ “ለጋሼ አሊዪ ሰላምታዬን አድርሺልኝ” ብለው መለሱ፤ ማሾም አዘዙ። ሌሎችም ተከተሉ። ሂዳያ ሰላምታቸውን ለአጎቷ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸውም አጸፋውን ይልካሉ። ማሾው በአውቶቡስ ይሄዳል። ሳይተያዩ ተዛመዱ።

በ2004 ግን ነጋዴው ዋጋ ሰበረ፤ አዲስ አበቤዎቹም ቀዘቀዙ። ጎተራው እንደሞላ ነቀዝ ገባበት። ሂዳያ ጨነቃትና ለማንም ሳትነግር “ጋሼ አሊዪ ታመው ተኝተዋል” ብላ ጻፈች። በሦስት ቀን ውስጥ ትእዛዙ ጎረፈ። ሳሩን አየች እንጂ ገደሉን አላየችም። ታመመ የተባለ ሰው እንደሚጠየቅ መቼ ጠፍቷት?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ ፍሬሕይወት ስልክ ደወሉ። “መኪና ተከራይተን እየመጣን ነው፤ ጣርማ በርን አልፈናል” አሏት።

ሂዳያ እየሮጠች ሄዳ ለአጎቷ ሁሉን ነገረቻቸው። ጋሼ አሊዪ ማሾ እያበጠሩ ነበር። ሰፌዱን አስቀመጡ።

“ይህን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለው?” አሉ። ከዚያ እግራቸውን ታጥበው አልጋ ላይ ወጡና ጋቢ ተከናነቡ።

“ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“እንግዳ ፊት አታፍሪም” አሏት።

እንግዶቹ ብርቱካን ተሸክመው ገቡ። በዚያ ቆላ ሙቀት ጋቢ የለበሰ ሰው ያልበዋል እንጂ ምን ይሆናል? እትዬ ፍሬሕይወት ግን የጋሼ አሊዪን ግንባር ዳስሰው “ትኩሳቱ አልለቀቃቸውም” አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወደ ጋሼ አሊዪ ሚስት ዞረውም፣ “ሙሚና፣ እናንተ እንደምታደርጉት ዱዓ አድርጊላቸው። እኛም አሜን እንበል” አሉ።

ሙሚና እጇን ለዱዓ ዘረጋች።

“አውርጂው” አሉ ጋሼ አሊዪ። ጋቢውን ገፈው ተቀመጡ። “በዚህስ አላህን አንጠራም። አልታመምኩም። ማሾውን ነቀዝ ሲጀምረው ታሟል በያቸው ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ልጅቱ የታዘዘችውን ጻፈች። አውፍ በሉኝ፣ ይቅርታ።”

ከአንዱ ውሸት ወጥተው ሌላው ውስጥ ገቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያቆዩትን ስም ለእሷ ሲሉ ጣሉት። ሂዳያ “እኔ ነኝ” አላለችም። እንግዶቹ በጨዋነት ምሳ በልተው፣ ብርቱካኑን ትተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ማንም አላዘዘም፤ ማንም ሰላምታ አልላከም። ሂዳያ እህል አልወርድ አላት። በመጨረሻ ማሾም ዋጋም የሌለበት አጭር ኢሜይል ጻፈች። “ታመዋል ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አያውቁም ነበር። ጥፋቴን የተሸከሙት እንዳላፍር ብለው ነው። ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ።”

መልሱ የመጣው ከእትዬ ፍሬሕይወት ነው።

“ልጄ፣ ያን ዕለት ገብቶናል። ጋሼ አሊዪ ያን ሲናገሩ የሚያዩት እኛን ሳይሆን አንቺን ነበር። እስክትጽፊልን ነው የጠበቅነው። አሁን እውነቱን ንገሪን፤ ጋሼ እንዴት ናቸው?”

ሂዳያ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አደረገች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሐፍረት ይዟት ደጃቸውን አልረገጠችም። እንዴት እንደሆኑ አታውቅም።

ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ትታ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች።