«ጋሼ፣ አንዴ ላፕቶፔን ይዩልኝ»

ልጁ ዛሬ እንዲህ አላለኝም፤ ከቦርሳው ወፍራም የሽቦ ገመድ አወጣ። አንዱን ጫፍ በጠረጴዛው የብረት እግር መሐል አሳልፎ አዞረ፣ ሌላውን አዲሱ ላፕቶፕ ጎን ላይ ሰካ፣ ቀጭ አደረገና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ወጣ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እኮ ነው! ደሜ ፈላ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቢሮው የጋራ ነው። ሁላችንም ወንበር ተከራይተን እንሠራለን፤ አለቃ የለ፣ ዘበኛ የለ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰነድ ተርጓሚ ነኝ፤ ልጁ ደግሞ የማስታወቂያ ዲዛይነር ነው። በዕድሜ ስለምበልጣቸው፣ ከቦታዬም ስለማልነቃነቅ፣ የሚወጣው ሁሉ «ጋሼ፣ አንዴ ላፕቶፔን ይዩልኝ» ይለኛል። እኔም «ሂድ አንተ፣ ምን ሊሆን!» እላለሁ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ አለብኝ። አንዳንድ ቀን የቢሮውን ላፕቶፕ ሁሉ አደራ ተሸክሜ እውላለሁ፤ ጥበቃ ሆኜ ብቀጠር ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ዩኒፎርም ይሰጡኛል።

ሌላም በሽታ አለብኝ፤ ስኳር። ስኳር ያለበት ሰው ሽንት ቤት መመላለሱ ግድ ነው። ግን አደራ ጥሎ ይኬዳል? ይህንንስ ለልጅ እንዴት ብዬ ልንገር? «ቶሎ ና የኔ ልጅ፣ ሽንቴ መጣ» ይባላል እንዴ? ስለዚህ እግሬን አጣምሬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ በሩን በሩን እያየሁ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጁ «አሁን መጣሁ ጋሼ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ቢሮው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ታገስኩ፣ ታገስኩ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በመጨረሻ ሮጥኩ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ቻርጀሩ ብቻ ተጋድሟል። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ሌባው እንኳ ናቀው። ያቃጠለኝም ይኸው ነው። የልጁ ጠፍቶ የሽማግሌው እንዴት ተረፈ አይባልም?

ልጁ ሲመጣ ተንተባተብኩ። «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ስልክ ላናግር ዞር ስል...» አልኩት። የስኳሩን ነገር ዋጥኩት። እሱም «ይሁን ጋሼ» አለና ተቀመጠ። ይሁን ማለት ምን ማለት ነው? ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ባለቤቴ «ምን ነካህ፣ ስትገላበጥ ታድራለህ» ትለኛለች። በዚህ ዕድሜዬ ሌባ ሊሉኝ ነው ብዬ ልንገራት?

አሁን ደግሞ ይኸው፣ ዓይኔ እያየ ቆለፈብኝ።

ሥራ እንቢ አለኝ። የምተረጉመው የልደት ምስክር ወረቀት ነበር፤ የአባትየውን ስም በእናትየዋ ቦታ ጻፍኩ። አጠፋሁ፤ ደግሜ እዚያው ጻፍኩት። ተነስቼ መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ተቀመጥኩ። ገመዱን ባየሁ ቁጥር ይብስብኛል።

ልጁ ሻይ ይዞ ተመለሰ። አላስችል አለኝ።

«አንተ ልጅ! ሰርቋል ካልክ ፊት ለፊት ንገረኝ! ይሄ ገመድ ለእኔ ነው አይደል?»

ጥግ ላይ የምትቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች።

«አዎ፣ ለእርስዎ ነው» አለ ልጁ።

ልሄድ ላፕቶፔን ጠርቅሜ ዘጋሁ።

«ሽንት ቤት እንዲሄዱ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴም ስኳር ነበረበት። ያን ቀን ስወጣ እግርዎን አጣምረው ሲቁነጠነጡ አይቻለሁ። ገብቶኛል። ግን ከአንዲት ልጅ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ፤ ትንሽ ቢታገሱ ምን አለ ብዬ ትቼዎት ሄድኩ። እርስዎ እዚህ ሲሰቃዩ እኔ እዚያ ስስቅ ነው የዋልኩት። ጭራሽ እርስዎ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? አፌ ተያዘ።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ስንገበገብ እያየህ ዝም ትላለህ? ሌባ ያልከኝ መስሎኝ ላብድ ነበር እኮ!»

«እኔ ደግሞ የተቀየሙኝ መስሎኝ...» ዓይኑ ቀላ።

ልቆጣው ፈለግኩ፤ ቁጣው ከየት ይምጣ? አንጀቴን በላው።

«አባትህ አሁን እንዴት ነው?» አልኩት።

«አረፈ፣ ጋሼ።»

ራሱን ደባበስኩትና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ ሳልሮጥ፣ ቀስ ብዬ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቀረቀርኩና አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ በሩን አንኳኳ።

«ሰው አለ!» ብዬ ጮህኩበት። እስኪወጣልኝ ድረስም አልከፈትኩለትም።