ቢጫው የቺፕስ እሽግ

ኮካቸውን በኢንተርኔት እንዲሸጡ አባቷን ያሳመነችው ዩሮንግ ራሷ ነበረች። አባቷ ደግሞ የሊሻን አካባቢ ኮክ አምራቾችን በየቤታቸው እየዞሩ አሳመኑ። ሁሉም የመታወቂያቸውን ፎቶና የባንክ ሂሳብ ቁጥራቸውን ላኩ፤ ያ ሁሉ አሁን እሷ በምትሠራበት ኩባንያ የውስጥ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ኮኩን የሚሸጥላቸው ዌብሳይት ነገ ጠዋት ይከፈታል።

የእሷ ሥራ ዌብሳይቱ ሳይከፈት ቀዳዳውን መፈለግ ነው፤ ዛሬ አንድ አገኘች። ገበሬው የኮኩ ፎቶ ያለበትን አድራሻ ሲጽፍ ሰርቨሩ ራሱ ሄዶ ፎቶውን ያመጣል። ወዴት እንደተላከ ግን አያጣራም። ተንኮለኛ ሰው የውስጥ አድራሻ ቢጽፍለት ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ የውስጥ ማሽኖቹም የቤት ሰው ነው ብለው የጠየቀውን ይሰጡታል።

ኮዱን የጻፈው ሊያዎ የምሳ ዕቃውን ሲከፍት ነገረችው።

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሌባ ነው የሚታይሽ» አለ እያኘከ። «የውስጡ ሰርቨር ተከልሏል። ከውጭ ማን ያየዋል?»

«እኔ መች እገባለሁ? ያንተ ኮድ ነው ተልኮ የሚያመጣልኝ።»

«እስቲ አምጪና አሳዪኝ!»

አለቃቸው ሉዎ ከጠረጴዛቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። «ለገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነገ ብያቸዋለሁ፤ አበባው ሳይቀር ታዟል። ቀዳዳ ካለ ከተከፈተ በኋላ ትደፍኑታላችሁ።»

«አለቃ፣ ከተከፈተ በኋላማ...» አለች። ስልኳን ይዛ ወጣች።

መንገዱን ተሻግራ የቢሮው ዋይፋይ የማይደርስበት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመች። የሰው መታወቂያ መንካት አልፈለገችም። ከውስጥ ማሽኖቹ መካከል ጉዳት የሌለውን መረጠች፤ የሰርቨር ክፍሉን ካሜራ። የዌብሳይቱን የሙከራ ገጽ በስልኳ ከፍታ በኮክ ፎቶ ቦታ የካሜራውን አድራሻ ጻፈች። ትንሽ ቆይቶ ምስሉ መጣ፤ ክፍሉ፣ ሰርቨሮቹ፣ በላያቸውም የቺፕስ እሽግ።

እሽጉ በአገሩ የኮምፒውተር ሰዎች እምነት ማሽኖቹ እንዳያምፁ የሚቀመጥ ነው፤ መብራታቸው አረንጓዴ እንዲሆን እሱም አረንጓዴ መሆን አለበት። በዚህ ነገር አለቃ ሉዎ ቀልድ አያውቁም። ይኼኛው ግን ቢጫ ነበር።

ተመልሳ ስልኩን አለቃዋ ፊት አስቀመጠችው።

«ቢጫ!» ብድግ አሉ። «በሰርቨሬ ላይ ቢጫ ያስቀመጠው ማነው? ሊያዎ!»

የሊያዎ ጆሮ ቀላ። «አረንጓዴው ከሱቅ አልቆ ነበር፣ አለቃ። ክፍሉ ተቆልፎ ነው የሚውለው፤ ማን ያየዋል ብዬ ነው።»

«እኔ አየሁት» አለች ዩሮንግ።

አለቃዋ ዘወር ብለው አዩዋት። «አንቺ በየት ገብተሽ? ቁልፉ ያለው እኔና እሱ ጋ ነው።»

«አልገባሁም። ፌርማታው ላይ ቆሜ ነው በስልኬ ያየሁት፤ የኛው ሰርቨር አመጣልኝ። ይኼን ያመጣ የአባቴንም መታወቂያ ያመጣል። ላዘዘው ሁሉ።»

ሊያዎ ስልኩን አንስቶ ምስሉን ደጋግሞ አየ። «ጉዴ ፈላ» አለ፤ የምሳ ዕቃውን ከድኖ ወደ ኮዱ ዞረ።

አለቃ ሉዎ ሊቀ መንበሩ ጋ ደወሉ። ረጅም ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያ አረንጓዴ እሽግ ፍለጋ ራሳቸው ወጡ።

ዩሮንግም ለአባቷ ደወለች። «አባዬ፣ ነገ አይከፈትም። ሐሙስ ነው።»

«ልጄ፣ ኮክ እኮ ቀጠሮ አያውቅም! ሰዉን ምን ልበለው?»

«መታወቂያችሁን ከሌባ እየጠበቅንላችሁ ነው በላቸው።»

አመሻሹ ላይ ሊያዎ ኮዱን ጨረሰ። ሰርቨሩ ከተፈቀዱለት ቦታዎች በስተቀር የትም አይሄድም፤ የውስጥ ማሽኖቹም የይለፍ ቃል ይጠይቁታል። ዩሮንግ የካሜራውን አድራሻ ጻፈች። ምንም አልመጣም። አዟዙራ በሌላ መልክ ጻፈችው፤ አሁንም ምንም።

«አረንጓዴው ገባ?» አለችው።

«ሄደሽ እዪዋ!»

«ቁልፍ የለኝማ።»

«እንግዲያው እኔን ማመን ነው፣ እመቤት» አለ እየሳቀ።

ስለ እሽጉ አመነችው። አድራሻውን ግን አንዴ ደግማ ጻፈች።