ከግርጌ የተጨመረች መስመር

ባሏ ካውያውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣ፣ ልብስ ሰፊዋ ራሷን በቀኝ ክንዷ ጋረደች። አጥንቷ ሲሰበር ድምፁን ሰማችው። ካውያው ተንሸራትቶ ቅንድቧን ተረተረው፤ ደሟ ገና ባልተዘመዘመ የደንበኛ ቀሚስ ላይ ተንዠቀዠቀ።

"እኔን ልትከሺኝ? እኔን ፍርድ ቤት ልታቆሚኝ?" እያለ ጎኗን በጫማው ሲረግጥ፣ ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካይ ከነሽርጡ ዘሎ ገብቶ ከኋላ አነቀው። ተያይዘው ሲወድቁ ትልቁ መስታወት ላያቸው ላይ ተፈረካከሰ።

"ክሱን ካላነሣሽ ሁለተኛውንም እጅሽን እሰብርልሻለሁ!" ብሎ ዝቶባት፣ ባሏ የደማ እጁን በሱሪው እየጠረገ ከሱቋ ወጣ።

ሰባት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብላ ኖራለች። ባለፈው ወር ጥርሷን ሲያወልቀው ግን በቃኝ አለች፤ በድብደባ ከሰሰችው፣ ፍቺም ጠየቀች። በአገሩ ሕግ ባልና ሚስት ፈቅደው ከፈረሙ ፍቺያቸውን የሃይማኖት ዳኛ ሊያይላቸው ይችላል፤ አንዳቸው እምቢ ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት ይዳኛቸዋል። እሷ ለመፈረም ቆርጣ ነበር። ፈጣሪዋን የምትፈራ ሴት ናት፤ በእምነቷ ሕግ ካልተፈታች፣ የመንግሥት ማኅተም ብቻውን ነፃ ያወጣኛል ብላ አታምንም።

አባቷ ወሬውን ሰምተው እያለከለኩ ደረሱ። ክንዷን በቁራጭ ጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት።

"ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ልጄ። መጀመሪያ ግን ዳኛው ዘንድ ፈርመሽ ተገላገይ። እሱ ፈርሟል። ቀጠሮውም አሁን ነው፤ መንገድ መሻገር ብቻ ነው።"

የሃይማኖት ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። ሲያዩአት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"ባሌ።"

"መቼ?"

"አሁን።"

ሽማግሌው ባሏ የፈረመበትን ቅጽ አንሥተው ማንበብ ጀመሩ። ከግርጌ በእጅ የተጨመረች መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"'ሚስት የድብደባውን ክስ ታነሣለች፤ ነገሩ በእርቅ ያልቃል' ይላል። ማን ነው ይህን የጨመረው? ፍቺሽን እንደ እምነታችን ልፈጽምልሽ እችላለሁ። የተሰበረ አጥንት ለመዳኘት ግን አገሩም ሥልጣን አልሰጠኝ፣ ፈጣሪም ሸፍንለት አላለኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ አየች። ጽሑፉን ለመለየት ጊዜ አልፈጀባትም፤ ፊደል ያስቆጠራት እጅ ነው።

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት?"

አባቷ መሬት መሬቱን አዩ። "አለዚያ አልፈርምም አለኝ። ገመናችን አደባባይ ከሚወጣ ብዬ ነው። ሰው ምን ይለናል?"

"ቢገድለኝስ ምን ይሉ ነበር?"

አባቷ ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ።

"ያለዚህች መስመር እሱ እንደገና ካልፈረመ ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል" አሉ ሽማግሌው በቀስታ። "መደበኛው ፍርድ ቤት ደግሞ ወራት ሊፈጅ ይችላል። አላስገድድሽም፣ ልጄ።"

ወራት። እስከዚያ በፈጣሪዋ ፊት የዚያ ሰው ሚስት ሆና መቆየት። ይህ ከክንዷ ይልቅ ጠዘጠዛት። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ አቃጠላት። በግራ እጇ ቅጹን ሳትፈርም ወደ ሽማግሌው ገፋችው።

አባቷ መሐረባቸውን በውሃ አርሰው ወደ ፊቷ ዘረጉ።

"እሺ፣ ደሙን እንኳ ልጥረግልሽ።"

እጃቸውን ያዘችው።

"ይተዉት፣ አባባ። መጀመሪያ ፖሊሶቹ ይዩት።"