የደም ግፊት ወንፈል

ደሞዜ ጨው ሲወድ ለጉድ ነው። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ጨው ወዳድ ሞልቷል፤ እሱ ግን አርሶ ላቡ ሲደርቅ ሸሚዙ ያለ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዴማ ላሙ ኮሌታውን ስትልስ ውላ፣ ማታ የታለበው ወተት ጨው ጨው አለ። ያላመነ ላሚቱን ይጠይቅ።

ታዲያ ክልሉ የልብና የደም ግፊት ዘመቻ አወጀ። «እስከ ዛሬ የተለካው ከተሜው ነው፤ አሁን ገጠሬውም እኩል ይለካ» ተባለና ሲስተር ኢብቲሳም የምትባል ነርስ ከወልድያ መጥታ መርሳ ገበያ ዳር ድንኳን ተከለች። አርባ ዓመት ያለፈው ሁሉ ተጠራ፤ ደሞዜም ተጠራ። ግፊት የተገኘበት ሰው መጀመሪያ የሚከለከለው ጨው መሆኑን ሲሰማ ወደ ጎረቤቱ ወደ ቢላል ሮጠ። ቢላል ቀጭን ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ሚስቱ ከማንጎው ግንድ ጋር ታስረዋለች።

«ቢላሌ፣ ነገ ወንፈል ግባልኝ።»

«አጨዳ ነው አረም?»

«ልኬት ነው። በኔ ስም ክንድህን ስጥልኝ፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን ማሽላህን ከወፍ እጠብቅልሃለሁ።»

ወንፈል የተጠየቀ ጎረቤት እምቢ አይልም። ቢላል ሄደ፤ ካርድና አንድ ከረጢት ክኒን ይዞ ተመለሰ።

«አብሽር አያ ደሞዜ። ግፊትህ መቶ ሰማንያ በመቶ አስር ነው።»

«የኔ? የተለካው ያንተ ክንድ አይደል እንዴ!»

«ማሳህን ባርምልህ ጤፉ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ግፊትህን ባስለካልህስ?»

ደሞዜ ካርዱንና ክኒኑን ተቀብሎ ወደ ቤቱ አዘገመ።

ወሬው ቀድሞት ቤት ገብቷል። ሚስቱ አልታየች ጨዉን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።

«አንቺ፣ ይሄ ሽሮ ጭቃ ጭቃ ይላል!»

«ጭቃ የበላ አልሞተም፤ አንቱ ግን መቶ ሰማንያ ነዎት!»

ጠዋት ጠዋት ክኒን ታጎርሰዋለች። እሱ በጉንጩ ይይዝና ደጅ ወጥቶ ለአውራ ዶሮው ይተፋለታል። አውራ ዶሮው ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ እንዲያውም ድመቷንና ውሻውን አስታርቋል።

በስምንተኛው ቀን ደሞዜ ገበያ ሲወርድ ቢላልን መንገድ ዳር አገኘው። የማንጎ ቅርጫቱ ተደፍቷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዓለም ዞረብኝ፣ አያ ደሞዜ።»

ደሞዜ ያኔ ገባው። ሳምንቱን ሙሉ የቢላልን አልጫ እሱ ሲበላ፣ ቢላል ጨዉን እየነሰነሰ ከርሟል። እውነቱን ቢናገር የራሱ ክንድ ይፈለጋል፤ ዝም ቢል ጎረቤቱ ሊሞት ነው። ጨው ወይስ ቢላል? ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ትንሽ አሰበበት። ከዚያ እንደ ሣር እስር ተሸክሞት ወደ ድንኳኑ በረረ።

«ሲስተር፣ ይሄ ነው ደሞዜ! ማለቴ ደሞዜ እኔ ነኝ፣ ግፊቱ ግን የሱ ነው! ወንፈል ልኬው ነው!»

ኢብቲሳም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ማሳ ይታረምልዎታል፤ ደም ሥር ግን ተወካይ የለውም!»

ቢላልን አስተኝታ ደግማ ለካችው፤ ካርዱን በገዛ ስሙ ጽፋ መድኃኒቱን አስዋጠችው። ካሳረፈችው በኋላ የፊቱ መልክ ሲመለስ ወደ ደሞዜ ዞር አለች።

«አሁን እርስዎ። ክንድ!»

ደሞዜ ግራ ቀኝ አየ፤ የሚልከው ሰው የለም። የመለኪያው ላስቲክ ክንዱን እንደ ዘንዶ ጨመቀው።

«መቶ አርባ አምስት። ሰሞኑን ምን ሲበሉ ከረሙ?»

«ጨው የሚባል በዓይኔም አላየሁ!» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ ይመሰገናል ብሎ።

«ያለ ጨው እንዲህ ከሆነማ በጨው ጣራ ይነካ ነበር። እንዲሁ ይቀጥሉ።»

ደሞዜ ምራቁን ዋጠ። «ሚጥሚጣስ፣ ልጄ?»

«ጨው ካልገባበት ይቻላል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ደሞዜ፤ ከደስታው ብዛት የገዛ ሃይማኖቱ ምስጋና ጠፍቶበት።